ንግሥቲቱ የሰጡት ዋንጫ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ ተረት አልተርትም፤ «የመሠረት» ብላችሁ እንድትቀበሉኝም አልጠብቅም። ሰውየው በእውነት ኖሯል፣ በእውነት ሮጧል፣ በእውነት ወድቋል። ፎቶግራፉ ከመቶ ዓመት በላይ ዓለምን ሲዞር ኖሯል። የማወራችሁ ታዲያ ስላሸነፈ ሯጭ አይደለም። ተሸንፎ ዋንጫ ስለወሰደ ሰው ነው።

ስሙ ዶራንዶ ፒየትሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 በሰሜን ኢጣሊያ፣ በሬጆ ኤሚሊያ አውራጃ፣ ኮሬጆ አጠገብ ማንድሪዮ በምትባል መንደር ተወለደ። ይቺን ሬጆ ኤሚሊያን ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን። ልጁ ካርፒ በምትባል ከተማ ኬክ ቤት ገብቶ ይሠራ ጀመር። ቁመቱ አንድ ሜትር ከ59 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ እንግዲህ ከሰው መሀል የሚለይ ቁመና አልነበረም። በ1904 ፔሪክሌ ፓሊያኒ የሚባል የዘመኑ ስመ ጥር ሯጭ ካርፒ መጥቶ ሲሮጥ፣ ዶራንዶ ከሥራው ብድግ ብሎ፣ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ተከትሎ ቀደመው ይላሉ የሀገሩ ሰዎች። ሽርጡን እንኳ አልፈታም የሚሉ አሉ። በሽርጡ እኔ አልምልም። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን ልጁ ሯጭ ሆነ።

አራት ዓመት ቆይቶ ኦሎምፒክ መጣ። የ1908ቱ ኦሎምፒክ መጀመሪያ የተሰጠው ለሮም ነበር። በ1906 የቬሱቪየስ ተራራ እሳት ተፋ፤ ኢጣሊያም ወጪው ከበዳትና ውድድሩን ተወችው፤ ለንደን ተረከበች። ሮም ያንን ተራ መልሳ እስክታገኝ 52 ዓመት ጠበቀች። በ1960 ስታገኘው ደግሞ ማን በባዶ እግሩ መጥቶ ማራቶኑን እንደወሰደባት ለእናንተ አልነግርም።

የለንደኑ ማራቶን መነሻ የዊንድሶር ቤተ መንግሥት ነው። ከዚያ እስከ ስታዲየሙ 26 ማይል ነው። ስታዲየም ከተገባ በኋላ ደግሞ 385 ያርድ አለ፤ በእኛ መለኪያ 352 ሜትር መሆኑ ነው። ይህችኛዋ የተቀጠለችው ሩጫው ልክ ከንጉሣውያኑ ሰገነት ፊት ለፊት እንዲያልቅ ነው። ሁለቱን ደምሩት፤ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ይመጣል። አዎ፣ ያው ቁጥር ነው። በ1921 ለዓለም ሁሉ መለኪያ ሆኖ ጸና። ማሞ ወልዴም፣ ፋጡማ ሮባም፣ ገዛኸኝ አበራም፣ ቲኪ ገላናም፣ ታምራት ቶላም ወርቃቸውን ያመጡት በዚያ ልክ በተሰፈረ መንገድ ነው። ሩጫው ስታዲየሙ በር ላይ ቢያልቅ ኖሮ የዛሬው ወሬዬ ባልኖረ። ልብ በሉ፤ ንግሥቲቱ የተቀመጡበት ቦታ ነው መንገዱን ያረዘመው።

ሐምሌ በፈረንጆቹ፣ ቀኑ 24፣ ዕለቱ ዓርብ። በእኛ ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ 55 ሯጮች ተነሡ። ለእንግሊዝ ያልተለመደ ፀሐይ ወጥቷል። እንግሊዞቹ በሀገራቸው ሕዝብ ጩኸት ሰክረው ከመነሻው ተወርውረው ወጡ፤ ግማሽ መንገድ ሳይደርሱም ትንፋሻቸውን ጨረሱ። ብዙ ሰው ያሸንፋል ብሎ የጠበቀው የካናዳው ነባር ሕዝብ ተወላጅ ቶም ሎንግቦት መንገድ ላይ አቋርጦ ቀረ። መሪነቱን የያዘው የደቡብ አፍሪካው ቻርልስ ሄፈሮን ሆነ፤ ያውም በሰፊ ልዩነት። ስታዲየሙ ሁለት ማይል ያህል ሲቀረው አንድ ሰው ከዳር ሻምፓኝ ዘረጋለት። ሻምፓኝ! አትሳቁ፤ በዚያ ዘመን መጠጥ ሯጭን ያበረታል ይባል ነበር። ሄፈሮን ተቀብሎ ጨለጠው፤ ወዲያው ሆዱን ቁርጠት ያዘው። ያ አጭር ኢጣሊያዊ ከኋላው ሲመጣ መሮጥ አቅቶት ቆሞ አሳለፈው ማለት ይቻላል።

ዶራንዶ ስታዲየም ገባ። ነጭ ካናቴራ፣ ቀይ ቁምጣ ለብሷል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተነሥቶ ይጮኻል። እሱ ግን የሚሰማም የሚያይም አይመስልም፤ ዓይኑ ፈጧል፣ ጉልበቱ እንደ ሰካራም ይብረከረካል። መሙ ላይ እንደወጣ ወደ ግራ መዞር ሲገባው ወደ ቀኝ ዞረ። ዳኞች እጃቸውን እያወናጨፉ ሊመልሱት ሮጡ። እያታለሉት መሰለው መሰለኝ አመነታ። ከዚያ ዞረ፤ ጥቂት ተራመደ፤ ወደቀ።

እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ።

ሐኪሙና የሩጫው ኃላፊ አጠገቡ ደረሱ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ሯጭን የነካ ሰው ሯጩን ከውድድር ያስወጣዋል። ግን ከፊታቸው የተዘረጋው ሰው ሊሞት ይችላል። ሕዝቡ «አንሡት!» ይላል፤ ሕጉ «አትንኩት!» ይላል። አሹት፣ ደገፉት፣ አቆሙት። ጥቂት ሜትር ሄዶ እንደገና ወደቀ። እንደገና አነሡት። ያቺን 352 ሜትር ለመጨረስ 10 ደቂቃ ገደማ ፈጀበት፤ እንዲያው ለወሬ ያህል፣ ደህና የሚራመድ ሽማግሌ በግማሹ ጊዜ ይጨርሳታል። በዚህ መሀል ሌላ ሯጭ በበሩ ብቅ አለ። ጆኒ ሄይስ፣ አሜሪካዊ፣ ከአየርላንዳውያን ስደተኞች ኒው ዮርክ ውስጥ የተወለደ፣ ዕድሜው 22። በራሱ እግር ነው የሚሮጠው፤ የነካውም የለም። ዶራንዶ አምስተኛ ጊዜ ሲወድቅ መጨረሻው መስመር ከፊቱ ነው። አነሡት፤ በፎቶግራፉ ላይ እንደሚታየው የሩጫው ኃላፊ ክንዱን ያዘው፤ መስመሩንም አለፈ። ሰዓቱ 2:54:46 ሆነ። ሄይስ በ2:55:18 ገባ። ልዩነታቸው 32 ሰከንድ ነው።

የኢጣሊያ ባንዲራ ተሰቀለ። አሜሪካኖቹ ወዲያው ተቃውሞ አስገቡ። በዚያ ሰሞን እንግሊዝና አሜሪካ በሩጫውም በገመድ ጉተታውም ሲነታረኩ ሰንብተው ነበርና ተቃውሞው ብዙ ሰው አስቆጣ። ዳኞቹ ግን ተቀበሉት። ዶራንዶ ውጤቱ ተሰረዘ፤ ወርቁ የሄይስ ሆነ፤ ሄፈሮን ብሩን ወሰደ።

የዚህን ፍርድ ልክነት የሚጠራጠር ካለ እኔ አብሬው አልቆምም። የተደገፈ ሯጭ አልጨረሰም። ነገሩን የሚያመርረው ሌላ ነው። የሰረዙት ሰዎችና ያነሡት ሰዎች የአንድ አዘጋጅ ሰዎች ናቸው። እሱ ደግፉኝ አላለም፤ ራሱን የማያውቅ ሰው ምን ይጠይቃል? ደግፈው ሜዳሊያውን አስወሰዱበት። ባይደግፉት ደግሞ ሕይወቱን ምናልባት ያጣት ነበር። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ክፉ ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም፤ ለዚህም ነው አገሩ ሁሉ አንድ ነገር ማድረግ ያማረው።

ያን ሌሊት ዶራንዶ ሞተ የሚል ወሬ ለንደንን አዳረሳት። አልሞተም። በማግስቱ ሜዳሊያ ወደሚሰጥበት ሥነ ሥርዓት በእግሩ መጣ። የንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ባለቤት ንግሥት አሌክሳንድራ ለአሸናፊዎች ወርቅ ሲሰጡ ዋሉ፤ ለሄይስም ወርቁ ደረሰው። ለዶራንዶ ግን ከሜዳሊያዎቹ ጎራ ያልሆነ ነገር አዘጋጅተው ነበር፤ በወርቅ የተለበጠ የብር ዋንጫ። የተቀረጸበት ከዊንድሶር እስከ ስታዲየም ለተደረገው ሩጫ መታሰቢያ መሆኑንና የንግሥቲቱን ስም ነው። አሸናፊ የሚል ቃል አልሰፈረበትም። ሕዝቡ ለዚህ ዋንጫ ያጨበጨበውን ያህል ለወርቁ አላጨበጨበም ይባላል፤ እኔም አምናለሁ።

አሁን የማስተዛዘኛን ነገር ካነሣን አይቀር የልቤን ልናገር። ማስተዛዘኛ ሽልማት ስንል ብዙዎቻችን የሚመጣብን የቶምቦላው ነገር ነው፤ መኪናው ለአንዱ ይደርስና ለቀሩት ቴርሞስና ጃንጥላ ይታደላል። ያ ማስተዛዘን አይባልም፤ ያልተሸጠ ዕቃ ማራገፍ ነው። የትምህርት ቤቱም የባሰ ነው፤ ለተወዳደረ ሁሉ አንድ ዓይነት የተሳትፎ ወረቀት ይታተማል፤ ስም ብቻ በእስክሪብቶ ይሞላል። ልጁ ምን እንደሆነ ያየ ሰው የለም። ያላየኸውን ሰው ደግሞ ልታስተዛዝነው አትችልም።

የንግሥቲቱ ዋንጫ የሠራው እንደ ለቅሶ መድረስ ስለሆነ ነው። ለቅሶ የሚደርስ ሰው ሬሳ ላስነሣ አይልም፤ ከሞት ጋርም አይሟገትም። ከገዛ ቤቱ እንጀራውንና ወጡን ይዞ ይመጣል፤ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ከሐዘንተኛው ጎን ይቀመጣል። ንግሥቲቱ «ውጤቱን መልሱለት» ቢሉ ኖሮ ሁለት ነገር ባጠፉ፤ የሄይስን እውነተኛ ድል ባቆሸሹ፣ የዶራንዶንም ወድቆ መነሣት የልመና ባደረጉት። ፍርዱን ለዳኞቹ ተዉ። ዋንጫውን ከራሳቸው ሰጡ። ደግሞ እኔ ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ ልጁ የወደቀው ለእሳቸው ወንበር ሲባል በተቀጠለችው መንገድ ላይ መሆኑ ነው። ይህን አስበውት ይሁን አይሁን እሳቸውና ፈጣሪያቸው ያውቃሉ።

ነገሩ ሁሉ ግን ማር አይደለም። ለሄፈሮን ማን አዘነለት? ያም ሰው የመንገዱን አብዛኛውን ክፍል ሲታገል ውሎ ሆዱን ይዞ ገብቷል። ከተነሡት 55 የጨረሱት 27 ብቻ ናቸው፤ ከቀሩት ብዙዎቹ በለንደን ዳርቻ አጥር ሥር ተዘርግተው ወይ በጋሪ ተጭነው ነው የተመለሱት። ዋንጫ የደረሰው ከሰገነቱ ፊት ለወደቀው ነው። ማስተዛዘኛ ዓይን ያየውን ይከተላል፤ ይህ ጉድለቱ ነው፤ አልሸሽገውም። አሸናፊውንም ጠይቁ እስቲ። ጆኒ ሄይስን የቡድን ጓደኞቹ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ከግሪክ የተበረከተውን የሐውልት ሽልማት አሸክመው ዞሩበት። ፎቶግራፉ አለ። ስንቶቻችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? የዶራንዶን ግን ሩጫ የማይወድ ሰው ሳይቀር ያውቀዋል።

በእንግሊዝ በዚያ ሳምንት ሌላ ሰው ተነሣ። ሼርሎክ ሆምስን የፈጠረው ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ሩጫውን ለዴይሊ ሜይል ጋዜጣ ሊጽፍ ስታዲየም ተቀምጦ ነበር። ይህ ልጅ ዋንጫ ብቻ ይዞ መመለስ የለበትም፤ በሀገሩ ዳቦ ቤት የሚከፍትበት ገንዘብ እናዋጣለት ብሎ ጥሪ አቀረበ፤ ከኪሱ 5 ፓውንድ አስቀደመ። አንባቢው 300 ፓውንድ ገደማ አዋጣ። (ዶራንዶን የደገፈው ኮናን ዶይል ነው የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ይዞራል፤ ውሸት ነው፤ በፎቶግራፉ ላይ ያለውን ሌላ ሰው ከእሱ ጋር እያምታቱ ነው።) ንግሥቲቱ ክብር ሰጡት፤ ደራሲው መተዳደሪያ አሰበለት። ሁለቱም ያስፈልጋል ባይ ነኝ፤ ዋንጫ አይበላም።

ዳቦ ቤቱ ግን ቆየ፤ ምክንያቱም ዓለም ፈለገችው። አሜሪካ ውስጥ ኢርቪንግ በርሊን የሚባል፣ ገና ስም ያላወጣ ወጣት የዘፈን ደራሲ በስሙ ዘፈን ጻፈ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ፣ በፈረንጆቹ 25 ቀን፣ ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ዶራንዶና ሄይስ ለገንዘብ እንዲሮጡ ተደረገ። ማራቶን በጣሪያ ሥር፣ አጭር ክብ እየዞሩ! ዶራንዶ አሸነፈ። መጋቢት 1909 እንደገና ገጠሙ፤ እንደገና አሸነፈ። ይህ የሚነግረን አንድ ነገር አለ፤ በለንደን ያዘኑለት ሰው ምስኪን አልነበረም፤ ሯጭ ነበር። በ1910 ቦነስ አይረስ ላይ የመጨረሻ ማራቶኑን በ2:38:48 ጨረሰ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሩጫ አቆመ።

ካገኘው ብዙ ገንዘብ ከወንድሙ ጋር ካርፒ ውስጥ ሆቴል ከፈተ። ከሰረ። እግር ያወቀውን ሁሉ ኪስ አያውቅም። ከዚያ ወደ ሳንሬሞ ሄዶ ጋራዥ ከፍቶ ኖረ፤ በ1942 በ56 ዓመቱ አረፈ። ሆቴሉ ጠፋ፣ ገንዘቡ ጠፋ፤ የንግሥቲቱ ዋንጫ ግን ካርፒ ውስጥ ተቀምጧል።

አሁን ሬጆ ኤሚሊያን መልሱልኝ።

ነሐሴ 29 ቀን 2004 በፈረንጆቹ፣ አቴንስ። የኦሎምፒኩ መዝጊያ ዕለት ነው። ብራዚላዊው ቫንደርሌ ደ ሊማ፣ 35 ዓመቱ ነው፣ ማራቶኑን ብቻውን ይመራል። 35ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ከኋላው ያሉት እያጠበቡበት መጥተዋል፤ ቢሆንም አሁንም ግማሽ ደቂቃ ያህል ብልጫ አለው። ድንገት ቀይ ቀሚስ መሰል ልብስና አረንጓዴ ካልሲ ያደረገ፣ አየርላንዳዊ የቀድሞ ቄስ ከመንገዱ ዳር ፈትለክ ብሎ ወጣና ደረቱን ይዞ እየገፋ ከሕዝቡ መሀል ከተተው። አንድ ግሪካዊ ተመልካች ደርሶ አላቀቀው። ደ ሊማ ፊቱ በሕመም ተጨማዶ ወደ መንገዱ ተመለሰ፤ የሩጫው ምት ግን ጠፍቷል። ኢጣሊያዊው ስቴፋኖ ባልዲኒ አለፈው። ኤርትራ ተወልዶ ለአሜሪካ የሚሮጠው መብራህቶም ክፍለእዝጊም አለፈው። ደ ሊማ ሦስተኛ ሆነ።

ባልዲኒ የሬጆ ኤሚሊያ ልጅ ነው። የዶራንዶ አውራጃ ሰው፣ በሰው እጅ በተሰናከለ ሯጭ ፊት፣ ንጹሕ ወርቅ ወሰደ። እንዲህ ያለውን ነገር እኔ ብፈጥረው «አበዛኸው» ትሉኝ ነበር።

ልዩነቱንም አስተውሉ፤ ዶራንዶን የነኩት ሊያቆሙት ነው፤ ደ ሊማን የነካው ሊጥለው ነው። ደ ሊማ ግን ስታዲየም ሲገባ ምን አደረገ? እጁን እንደ አውሮፕላን ክንፍ ዘርግቶ፣ መሙ ላይ ግራና ቀኝ እየተጥመለመለ፣ ለሕዝቡ ስሞሽ እየላከ እየሣቀ ገባ። ያን ቀን ከተቆጣነው ሰዎች ሁሉ ያልተቆጣ እሱ ብቻ መሰለ። የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ በፒየር ደ ኩቤርተን ስም የሚሰጠውን ልዩ ሜዳሊያ ሸለመው፤ ይህ በውጤት የሚገኝ አይደለም፤ በጨዋነት የሚሰጥ ነው። የሀገሩ ሰዎች ግን ይህ አልበቃ አላቸው። ሁለተኛ ወርቅ ይሰጠው ብለው አመለከቱ፤ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ድረስ ወሰዱት፤ አልተቀበላቸውም። እኔም ብሆን አልቀበልም ነበር። ባልዲኒ ማንንም አልገፋም።

ከዚያ የብራዚሉ የባሕር ዳርቻ መረብ ኳስ ተጫዋች ኢማኑኤል ሬጎ፣ በዚያው አቴንስ ወርቅ ያገኘ ሰው፣ በቴሌቪዥን ፊት የራሱን ሜዳሊያ አንሥቶ ሊሰጠው ዘረጋ። ልብ የሚነካ ነገር ነው፤ ስቱዲዮው ሁሉ ይጠብቃል። ደ ሊማ አልቀበልም አለ። የሬጎ ወርቅ የሬጎ ነው፤ እሱ ነሐሱ አለው። እዚህ ላይ ደጉ ሬጎ ተሳስቷል ብል አትቆጡኝ። የሰው ድል ለሌላው ሲሰጡት ዕዳ ይሆናል። ተቀባዩ ደግሞ ይህን ከሰጪው ቀድሞ አወቀ።

12 ዓመት አለፈ። ኦሎምፒክ ወደ ብራዚል መጣ። በ2016 የሪዮ መክፈቻ ሌሊት፣ ማራካና ስታዲየም፣ እሳቱን ማን ይለኩሰዋል ሲባል ሁሉም ሰው ፔሌን ይጠብቅ ነበር። ፔሌ ጤናዬ አልፈቀደልኝም ብሎ ቀረ። ችቦው ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ መጨረሻ ላይ የደረሰው ለአንድ ቀጭን፣ የወርቅ ሜዳሊያ ለሌለው ሯጭ ነበር። ደ ሊማ ችቦውን ይዞ ደረጃውን ወጣና ለኮሰው።